መጀመሪያ ልጁ ይሳቅ

የኮልፌ ወጣቶች፣ ታናናሾቻችንን እንግሊዝኛ ስናስጠና የምናወጣው ያንኑ የግራመር ደብተር ነው። ልጁ «ፓስት ቴንስ» ይሸመድዳል፤ አንዲት ተረት ግን በእንግሊዝኛ አንብቦ አያውቅም። ነገ ሃይስኩል ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቀው።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጣ «ሲሊ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ልጁ በአማርኛው የሳቀበትን ቀልድ እንግሊዝኛው ውስጥ ራሱ ይፈልገዋል።

«የፈረንጅ መጽሐፍ ዲኑን ያበላሽበታል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ግን ከመከልከል ቀድመን እናንብበው፤ የልጆች መጽሐፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም!

አቀራሩንም እናውቀዋለን። ቁርኣን ቤት ኡስታዙ ይቀራል፣ ልጁ ተከትሎ ይላል፣ በየቀኑ። በመግሪብና በዒሻ መካከል አስር ደቂቃ ለተረት መጽሐፍ እንስጥ። ሲስቅ ታዲያ ግራመሩን አትጠይቀው፤ ገጹን ግለጥለት።