አርባ ከመቶ

ባለፈው ሳምንት በዶርማችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። አንዱ ጓደኛችን፣ የታሪክ ተማሪ ነው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ «ብዙ ድምፅ ያገኘ ይግዛ፣ አለቀ! ከተሸነፈ ጋር ወንበር መካፈል ምን ይባላል?» አለ። ሌላው ከላይኛው አልጋ ሆኖ «ክህደት ይባላል» ብሎ መለሰለት። ተጨበጨበ። የኔ ድምፅ ያን ዕለት በጭብጨባው ስለተዋጠ ዛሬ በጽሑፍ መጥቻለሁ። የከፋው ካለ ገጹ ክፍት ነው፤ ይመልስልኝ።

ከቁጥሩ እንነሣ፤ ቁጥር ቢያንስ አይጮኽም። ደቡብ አፍሪካውያን ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ድምፅ ሰጡ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብላጫውን ይዞ የኖረው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ ኤ.ኤን.ሲ.፣ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ አገኘ። በመቶኛ 40 ገደማ ነው። በ1996 ዓ.ም. 70 ከመቶ ሊሞላ ለጥቂት የቀረው ያው ድርጅት! ዴሞክራቲክ አሊያንስ 87፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ይዘውት የተነሡት ኤም.ኬ. ፓርቲ 58፣ የጁሊየስ ማሌማ የኢኮኖሚ ነፃነት ታጋዮች 39 ወሰዱ። የቀረው ለትንንሾቹ ተበተነ።

ታዲያ «ብዙ ያገኘ ይግዛ» ማለት ምን ማለት ነው? ከአሥር መራጭ አራቱ «አንተ ሁን» ሲሉ ስድስቱ ሌላ ስም ጠርተዋል። ለአራቱ የስድስቱን ሥልጣን ጠቅልሎ መስጠት በየትኛው ሒሳብ ነው ዴሞክራሲ የሚሆነው? ጓደኛዬ ሩጫና ምርጫን አምታቶብኛል። በሩጫ አንደኛ የወጣ በሴኮንድ ክፋይም ቢሆን አንደኛ ነው፤ ሜዳሊያውን ከሁለተኛው ጋር ተካፈል የሚለው የለም። በምክር ቤት ግን አስተማማኝ አብላጫ ለመያዝ 201 መቀመጫ ያስፈልጋል። 159 ደግሞ 201 አይደለም። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ትምህርት ክፍል መግባት አያሻም።

የአገሪቱ ሕግም ለሽር ጉድ ጊዜ አይሰጥም። ውጤቱ በታወጀ በ14 ቀን ውስጥ አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ፕሬዚዳንቱን ከአባሎቹ መሀል መምረጥ አለበት። ውጤቱ ግንቦት 25 ታወጀ፤ ስብሰባው ሰኔ 7 ሆነ። የፓርላማው ሕንፃ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በእሳት ስለነደደ የተቀመጡት በኬፕታውን የስብሰባ ማዕከል ነበር። ጠዋት መሐላ ሲፈጸም ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ገና ወረቀት እየተቀባበሉ ነበር! ምሽት ላይ ሲሪል ራማፎሳ በ283 ድምፅ ተመረጡ፤ ማሌማ 44 አገኙ፤ የኤም.ኬ. ሰዎች በአዳራሹ አልነበሩም።

አሁን ወደ «ክህደት» ልምጣ። ኤ.ኤን.ሲ. ዴሞክራቲክ አሊያንስን የነጮች ጥቅም ዘበኛ እያለ፣ አሊያንሱም ኤ.ኤን.ሲ.ን የሌቦች ዋሻ እያለ ሲሰዳደቡ ከርመው አንድ ማዕድ ቀረቡ። መራጩ ቢያዝን አልፈርድበትም። ግን ጓዶች፣ ሌላው መንገድ የትኛው ነበር? 159 ላይ የዙማን 58 እና የማሌማን 39 ብትደምሩ 256 ይሆናል። ይኸም መንገድ ነበር። ይህን መንገድ መርጦ የሚከራከር ሰው አከብራለሁ፤ ስለ መሬትና ስለ ባንክ ምን እንደሚያስብ ይነግረኛልና። የማላከብረው ከማንም ጋር ሳይነጋገር ንጹሕ ሆኖ መቅረት የሚፈልገውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው እጁን ታጥቦ ቆሞ ሲጠብቅ አሥራ አራቱ ቀን ያልቅበታል።

በዚህ ተነሥታችሁ የተደረገውን ሁሉ አጨብጭቤ ተቀብያለሁ ብላችሁ እንዳትደመድሙ። እኔን ያንገበገበኝ ስሙ ነው። «የብሔራዊ አንድነት መንግሥት» አሉት። በ1986 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የመሩት መንግሥትም በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ 20 መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ካቢኔ የመግባት መብት እንዳለው የሽግግሩ ሕገ መንግሥት ራሱ ደንግጎ ነበር። የዴ ክለርክ ናሽናል ፓርቲ በዚያ መብት ገብቶ በ1988 ዓ.ም. በገዛ እጁ ወጣ። በ2016ቱ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ ድርድር ነው፣ ውል ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ፓርቲ ከነ97 መቀመጫቸው ውጭ ቀርተው ሳለ የምን ብሔራዊ አንድነት? ውልን ውል ማለት ምን ያሳፍራል? «አንድነት» የሚባል ካባ የሚደረበው መጠየቅ ሳይፈለግ ሲቀር ነው። የአንድነትን መንግሥት የተቃወመ የአንድነት ጠላት ይሆናላ!

ደግሞ ወንበሩ! ፕሬዚዳንቱ ከተመረጡ በኋላ ካቢኔው እስኪታወቅ 16 ቀን ፈጀ። ስለ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ተጓተቱ፤ የተጻጻፉት ደብዳቤ ሾልኮ በጋዜጣ ወጣ። መጨረሻው 32 ሚኒስትሮችና 43 ምክትል ሚኒስትሮች። ሲሾም ያልበላ የሚለው ተረታችን ኬፕታውን ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ድርድሩ ስለ ሥራ አጡ ወጣት ቢሆን ኖሮ 16 ቀን ባልከፋ፤ ስለ ወንበር ሲሆን ግን 16 ሰዓትም ይበዛል።

እንዲህም ሆኖ የጣምራው መንግሥት ጥቅም ምኑ ላይ ነው ላለኝ አንድ ነገር ልንገረው። የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ሰማዕታቶቻችንን ባሰብንበት ዕለት፣ የደቡብ አፍሪካ የገንዘብ ሚኒስትር በጀቱን ሊያቀርቡ ነበር። ውስጡ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 17 ከመቶ የሚያሳድግ ሐሳብ ነበረው። ሳሙና የሚገዛው ሁሉ፣ ደሀውም ሀብታሙም፣ እኩል የሚከፍለው ታክስ። የጣምራው አባሎች አንቀበልም ስላሉ ንግግሩ ሊጀመር ሲል ተላለፈ። ቀጥሎ በሁለት ዓመት ግማሽ ግማሽ ከመቶ እንዲጨመር ሆኖ መጣ። እስቲ ደምሩ፤ አሥሩ የጣምራው ፓርቲዎች በአንድነት 287 ናቸው። 87ቱን የአሊያንስ ስታወጡ 200 ይቀራል። ልክ 200! አንድ ጎደለ። መጋቢት 24 ቀን የበጀቱ ማዕቀፍ ከጣምራው ውጭ በተለመኑ ሰዎች እርዳታ በ194 ለ182 አለፈ። ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ የሚቀጥለውም ድምፅ አስተማማኝ አልነበረምና ሚያዝያ 16 ጭማሪው ቀረ። አሊያንሱ ለደሀ አዝኖ ነው ብዬ አልምልም፤ ለድጋፉ ሌላ ሌላ ነገርም ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን አንድ ፓርቲ 230 ወንበር ይዞ በተቀመጠበት በ2011ዱ ምክር ቤት ያ ሐሳብ ከሰዓት በፊት ቀርቦ ከሰዓት በኋላ አያልፍም ነበር ወይ?

የኛስ? እዚህ ላይ ዶርሙ ዝም ይላል። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ከቤተ መጻሕፍት አውጥታችሁ አንቀጽ 56ን አንብቡ፤ በምክር ቤቱ አብላጫ ያገኘ አንድ ድርጅት ወይም ድርጅቶች በጣምራ መንግሥት ይመሠርታሉ ይላል። አንቀጽ 60 ደግሞ ጣምራው ፈርሶ አብላጫውን ካጣ ፕሬዚዳንቱ ድርጅቶቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጣምራ እንዲያቋቁሙ ሊጋብዝ እንደሚችል፣ ካልተስማሙም ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ እንደሚደረግ ይናገራል። አንድ ሳምንት! ደቡብ አፍሪካውያኑ በሁለት ሳምንት ያላባቸውን እኛ በሰባት ቀን። ማን ተለማምዶት? በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም መቀመጫ ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ በሆነበት አገር አንቀጽ 60 እንደ ሠርግ ልብስ ሣጥን ውስጥ ነው የኖረው።

ፓርላማ ሩቅ ነው የሚል ካለ ወደ ግቢው እንመለስ። ስሙን የማልጠራው አንድ የተማሪዎች ማኅበር አምና ሲመርጥ ሦስት ቡድኖች ቀረቡ። ከድምፁ እኩሌታውን እንኳ ያላገኘው አንደኛው ቡድን ሊቀመንበሩንም፣ ጸሐፊውንም፣ ገንዘብ ያዡንም ወሰደ። ሁለቱ አኮረፉና ወጡ። ለገና የታሰበው የግጥም ምሽት በፋሲካም አልተዘጋጀ፤ አዳራሹን የሚያስፈቅዱት፣ ወንበር የሚሸከሙት ልጆች አኩርፈው ከወጡት ውስጥ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ካኮረፉት አንዱ ነበርኩ። አንድም ቀን «ይህን ስጡን፣ ይህን እንለቃለን» ብለን አልጠየቅንም፤ ካፌ ቁጭ ብለን ማማት ቀለለን።

የዘንድሮው ምርጫ ሚያዝያ ላይ ነው። ብቻውን ግማሹን የሚሞላ ቡድን እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። የኛ ቡድን አብላጫ ቢያጣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚለቅ በአንድ ገጽ ጽፎ ከምርጫው በፊት ካፌው በር ላይ ይለጥፋል። ጓደኛዬ የታሪክ ተማሪው በአንደኛው ቡድን ውስጥ ነው። የእነሱን ገጽ ከኛው ጎን ለመለጠፍ ቦታ ትተናል።