«ጃጁ» ከማለት በፊት

«እማማ እኮ ጃጅተዋል፤ ፒያሳ እንኳ ጠፋባቸው።» ይህ አባባል ሰሞኑን የማይሰማበት ቤት ጥቂት ነው። ተከትሎ የሚመጣውም ፍርድ ያው ነው። ብቻቸውን እንዳይወጡ ይከለከላሉ፤ ነጠላቸው ከመስቀያው አይወርድም፤ ማኅበሩም፣ ዕድሩም፣ ለቅሶውም በልጅ ውክልና ይካሄዳል። ፈራጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ እናታቸውን የሚወዱ ልጆች ናቸው። ፍርዱ ግን ያለ ምስክር የተሰጠ ነው።

ለመሆኑ የትኛዋ ፒያሳ ናት የጠፋችባቸው? ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ተከተለ። የማፍረሱን ደግነትና ክፋት ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ አዲስ አበቤ መንገድ የሚያውቀው በጎዳና ስምና በቤት ቁጥር አለመሆኑን ማን ያጣዋል? አድራሻችን «ከዳቦ ቤቱ ታጥፈህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ነው። ዳቦ ቤቱ ሲፈርስ አድራሻው አብሮ ይፈርሳል። እዚያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ግራ የሚጋባ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሞልቷል። እሱን «ከተማዋ ተለወጠችበት» እንለዋለን። እናቱ ላይ ሲደርስ ነገሩ በሽታ ይሆናል። (ጎረምሳው ስልኩን አውጥቶ ሰማያዊዋን ነጥብ እየተከተለ ስለሚያመልጥ ግራ መጋባቱ አይታወቅበትም። ባትሪው ያለቀበት ዕለት ግን እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።)

ዕድሜ ምንም አይወስድም ብዬ አልከራከርም፤ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሲ ሂሮ ኩዌስት» የተባለ የስልክ ጨዋታ ወጥቶ ነበር። ተጫዋቹ ካርታ አይቶ በቃሉ ይይዝና ጀልባውን እየነዳ የታዘዘበት ቦታ ይደርሳል። ሚሊዮኖች ተጫወቱት። ከዚያ የተሰበሰበው መረጃ በ2018 ሲታተም፣ መንገድ የማግኘት ችሎታ ከወጣትነት መግቢያ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ አሳየ። ልብ በሉ፣ ከሰባ ዓመት ጀምሮ አይደለም። ፈራጁ ልጅም ቁልቁለቱን ከጀመረ ቆይቷል። ከዚሁ ጨዋታ የተገኘ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2022 እንዳሳየው፣ ከከተማ ውጭ ያደጉ ሰዎች በአማካይ ከከተሜዎቹ ይሻላሉ። እንግዲህ ነገሩ የዕድሜ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ደግሞስ ለጨዋታ ጀልባ መንዳትና የጎረቤትን ለቅሶ መድረስ አንድ ነው? ጨዋታው ችሎታን ይለካ ይሆናል፤ ጉዳይን ግን አይለካም።

የጉዳይን ኃይል ለማየት ለንደን እንሂድ። እዚያ የጥቁር ታክሲ ሾፌር መሆን የሚሻ ሰው፣ ቻሪንግ ክሮስ ከተባለው ቦታ በስድስት ማይል ዙሪያ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃሉ መያዝ አለበት። ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሊኖር ማጓየር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የእነዚህን ሾፌሮች አንጎል መርምራ፣ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው የሂፖካምፐስ የኋለኛው ክፍል ከሌላው ሰው ተልቆ እንዳገኘችው በ2000 አሳወቀች። «ሲፈጠሩም እንዲያ ቢሆኑስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እርሷና ካትሪን ዉሌት 79 ተማሪዎችን ከመነሻው ጀምሮ ተከታትለው ውጤቱን በ2011 አወጡ። ሲጀምሩ ልዩነት አልነበረም። 39ኙ ፈተናውን አለፉ፤ የአንጎል ለውጡም የታየው ባለፉት ላይ ብቻ ነበር። ያለፉት በሳምንት ያጠኑበት ሰዓት ከወደቁት እጥፍ ያህል ነው። እንጀራ የሚገኝበትን መንገድ አጥብቆ የፈለገው ሰው አንጎል ለፍላጎቱ ታዘዘ።

«እነሱ ጎልማሶች እንጂ አዛውንት አይደሉም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የአዛውንቱን ጉዳይ ለማየት ግን ለንደን መሄድ አያስፈልግም፤ ኮንዶሚኒየም ይበቃል። ከመሀል ከተማ ተነሥተው ዳር የወጡ እናቶችን ተመልከቱ። ሁሉም ሕንፃ አንድ ዓይነት በሆነበት ግቢ ውስጥ ለቅሶ ቤቱን አግኝተው ይደርሳሉ። በምን? አንዱን ዘበኛ፣ አንዷን ቡና ሻጭ ጠይቀው። የልብ ወዳጅ ሞቶባቸዋልና መድረስ አለባቸው። መጠየቅን የድክመት ምልክት ያደረግነው እኛ ነን። መሄጃ ጉዳያቸውን ሁሉ ከነጠቅናቸው በኋላ ደግሞ በዓመት አንዴ በመኪና ይዘናቸው ወጥተን «ይህ የት ነው?» ብለን እንፈትናቸዋለን። ይህ ፈተና አይደለም፣ ወጥመድ ነው።

አንድ ነገር እንለይ። ባልተለወጠ ሰፈር፣ ሁልጊዜ የሚመላለሱበት መንገድ ድንገት ከጠፋቸው፣ የገዛ በራቸውን አልፈው ከሄዱ፣ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪም ይይ። ጨዋታውም መጀመሪያ የተሠራው፣ መንገድ መጥፋት ከአልዛይመር ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ነው። ነገር ግን በሐኪም የሚጣራውን ነገር ልጅ በቁልፍ አይፍታው። የተቆለፈበት ሰው እየታመመ ይሁን ወይም ልምድ እያጣ፣ ማንም መለየት አይችልም።

ልጅየው ከሰጋ አብሯቸው ይሂድ። ማኅበሩ በሚጠጣበት ቀን፣ አዲሱን መንገድ አንድ ሁለት ጊዜ አብሮ ይመላለስ። ግን ከፊት አይምራ፤ አንድ እርምጃ ከኋላ ይሁንና የት እንደሚታጠፉ እሳቸው ይንገሩት። ከተሳሳቱም መንገደኛ ይጠይቁ። እሱ ስልኩን ከኪሱ አያውጣ።