የጦርነት ትረካ ስናዳምጥ

በሾኔ ከተማ ከሥራ መልስ ወጥ እየሠራች ወይም ልብስ እየተኮሰች፣ የእጅ ስልኳን ከፍታ ረጅም የጦርነት ታሪክ የምታዳምጥ እናት ብታጋጥማችሁ አትደነቁ። ቀድሞ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ጆሮውን የሰጠ ቤተሰብ፣ በኋላ ደግሞ እሸቴ አሰፋ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «መቆያ» ያቀረባቸውን የታሪክ ትረካዎች ተከታትሏል።

ለመሆኑ ሰላምን የምትመኝ እናት የጦርነት ወሬ መስማት ለምን ትወዳለች? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ትረካ እጅ አያስፈታም። ዋናው ምክንያት ግን ረጅም ትረካ ድልና ሽንፈትን ብቻ ነግሮን አያልፍም፤ ሰው በጭንቅ ጊዜ ምን እንደሚሆን ያሳየናል።

ለአብነት የመቀሌን ከበባ እንውሰድ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው የኢጣልያ ጦር በእንዳየሱስ ምሽግ ሳለ፣ በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ የውኃው ምንጭ ተያዘበት። መድፍ ያላስለቀቀውን ምሽግ ጥም አስለቀቀው። ውኃ ከሩቅ ቀድታ የምታውቅ ሴት ይህን ስትሰማ የእቴጌይቱን ብልኃት ታደንቃለች፤ አፉ የደረቀውን ወታደርም ታስበዋለች። ዐፄ ምኒልክ ጋሊያኖና ወታደሮቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ እንዲወጡ ፈቀዱ። ያው ጋሊያኖ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ተመልሶ ሲዋጋ ሞተ። ታዲያ ምሕረቱ ልክ ነበር ወይስ ስሕተት? እስከ መጨረሻው የሚያስደምጠን እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ እናቶች፣ ሁለት ነገር ልብ እንበል። በመጀመሪያ፣ ስልኩ ሲከፈት የምንሰማው እኛ ብቻ አይደለንም። ጥግ ይዞ የቤት ሥራውን የሚሠራው ሕፃን የግድያውን ዝርዝር ይሰማል፤ ምክንያቱ ግን አይገባውም። ከበድ ያለውን እርሱ ሲተኛ አዳምጡት። ከፍ ካሉት ልጆች ጋር ግን አብራችሁ አዳምጡና፣ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ለሩቁ ጦርነት ሰዓታት ስንሰጥ በገዛ ቤታችን ያለውን ባለ ታሪክ አንርሳ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ከየገጠሩ የዘመቱት ሚሊሺያዎች ዛሬ አያቶች ናቸው። ባል ሲዘምት እንሰት እየፋቁ ልጆች ያሳደጉ እናቶችም አሉ። የእነርሱን ታሪክ ሬዲዮ አይነግረንም። አንድ ምሽት ስልኩን ዘግታችሁ፣ ቡናውን አቅርባችሁ፣ «አባባ፣ ያን ጊዜ እንዴት ነበር?» በሉ። መናገር ካልፈለጉ አታስገድዱ። ከጀመሩ ግን ለተራኪው የሰጣችሁትን ትዕግሥት ለእርሳቸውም ስጡ፤ ባለ ታሪኩ ካለፈ በኋላ የሚያሰማን የለምና።