የፈሩት እንዳይደርስ

የልደት በዓል ለምድር ሰላም የተበሠረበት ዕለት መታሰቢያ ነው። በ1914 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዚሁ በዓል ዋዜማ፣ በቤልጂየም ኢፕር ከተማ አካባቢ በየምሽጋቸው ተፋጥጠው የነበሩ የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮች ተኩስ አቁመው መዝሙር ተቀባበሉ። በማግሥቱም ከምሽግ ወጥተው ትምባሆ ተለዋወጡ፤ የወደቁ ጓዶቻቸውን ቀበሩ። እነዚህን ሰዎች ለመገዳደል ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ መንግሥታቶቻቸው ለዓመታት ሲያሳድጉት የኖሩት ፍርሃት ነበር።

ጀርመን በ1898 እና በ1900 ባወጣቻቸው ሕጎች ታላቅ የባሕር ኃይል ለመገንባት ተነሣች። እህሏ ሳይቀር በመርከብ የሚገባላት እንግሊዝ መሥጋቷ አያስደንቅም። በ1906 የቀደሙትን የጦር መርከቦች ሁሉ ያስናቀውን «ድሬድኖት» ባሕር ላይ አዋለች፤ ጀርመንም አምሳያውን መሥራት ጀመረች። በ1909 ጀርመን ግንባታዋን በምሥጢር አፋጥናለች የሚል ሥጋት ለንደንን ሲያናውጣት፣ አራት ይሠሩ ወይስ ስድስት በሚል የተጀመረው ክርክር በስምንት መርከቦች ተደመደመ። የጀርመን ግንባታ የተፈራውን ያህል እንዳልፈጠነ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1912 በበርሊን የተሞከረው ድርድርም ያለ ፍሬ ቀረ። በ1916 ሁለቱ የባሕር ኃይሎች በጁትላንድ ሲገጥሙ ከ8 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አለቁ።

የተቀናቃኝን ጡንቻ መፈርጠም በንቃት መከታተል የማንኛውም መንግሥት ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ በወሬ የሚመገብ ሥጋት ልክ የለውም፤ ልክ የሚያገኘው ሲቆጠርና ሲመረመር ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1987 በተፈራረሙት ውል መሠረት እስከ 1991 ድረስ 2,692 ሚሳይሎችን ያስወገዱት ተማምነው አልነበረም፤ አንዱ በሌላው ግዛት ገብቶ እንዲቆጥር በመስማማታቸው እንጂ። ያ ውል በ2019 ፈረሰ። በ2024 የዓለም ወታደራዊ ወጪ ከ2.7 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

አበው «የፈሩት ይደርሳል» ይላሉ። የፈሩት እንዳይደርስ ከመድፍ ጎን ለጎን የመነጋገሪያና የመቆጣጠሪያ በር ክፍት ሊሆን ይገባል። በምሽግ ውስጥ ያሉ ወታደሮች ለአንድ ሌሊት የቻሉትን፣ በሰላም አዳራሽ የተቀመጡ መሪዎች ለዘለቄታው ሊያደርጉት አይሳናቸውም።

ለበዓሉ አክባሪዎች ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ፤ በዓሉ የሰላም ይሁን።