ጥሬው መረጃ ሳይነካ፦ የተመን ሉህ ፋይሎችን በኤስኪውኤል ስለ መጠየቅ

በመስክ ጥናት የተሰበሰበ መረጃ ብዙውን ጊዜ ወደ ተመራማሪው የሚደርሰው በነጠላ ሰረዝ በተከፋፈለ የጽሑፍ ፋይል፣ ማለትም በሲኤስቪ ነው። ፋይሉ በኤክሴል ይከፈታል፤ ረድፎች ይሰረዛሉ፣ ቁጥሮች ይታረማሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም በነበረበት ስም ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የትኛው ረድፍ ለምን እንደ ተሰረዘ የሚያስረዳ ማስረጃ አይኖርም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ጥሬው ፋይል ሳይነካ ተቀምጦ ማጣራቱና ማጠቃለሉ በተጻፈ የኤስኪውኤል ትእዛዝ ሊከናወን፣ ትእዛዙም ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር በአባሪነት ሊቀርብ ይገባል የሚል ነው።

ሥጋቱ የተጋነነ አይደለም። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ያሳተሙት ጥናት በ2013 በሌሎች ተመራማሪዎች ሲፈተሽ፣ ከተገኙት ጉድለቶች አንዱ የአማካይ ቀመሩ አምስት አገሮችን ሳያካትት መቅረቱ ነበር። ይህ ሊታወቅ የቻለው የሥራ ፋይሉ ለመርማሪዎቹ በመሰጠቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በእንግሊዝ 15,841 በኮቪድ-19 የተያዙ ሰዎች በዕለታዊ ሪፖርቶች ሳይካተቱ ዘግይተዋል፤ ምክንያቱ ከ65,536 ረድፎች በላይ መያዝ የማይችለው አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። በሁለቱም አጋጣሚዎች መሣሪያው አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳያሰማ ሥራውን ቀጥሏል።

ኤስኪውኤል የተመሠረተው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው የዝምድናዊ መረጃ ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው። ቀድሞ በትልልቅ ተቋማት ኮምፒዩተሮች ላይ ብቻ ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ ኢንተርኔት በሌለበትም በግል ላፕቶፕ ይከናወናል። ኤስኪውላይት የሲኤስቪ ፋይልን በአንድ ትእዛዝ ወደ ሰንጠረዥ ያስገባል፤ በአምስተርዳም የተሠራው ዳክዲቢ ደግሞ ከ«ፍሮም» ቀጥሎ የፋይሉ ስም ሲጻፍለት በቀጥታ ያነበዋል። «ዌር» ረድፎችን ያጣራል፤ «ግሩፕ ባይ» በቡድን ያጠቃልላል፤ «ጆይን» የቤተሰብ መጠይቅንና የአባላት መጠይቅን በመለያ ቁጥር ያገናኛል። ከአራት ወይም ከአምስት መስመር የማይበልጠው ትእዛዝ ራሱ የጥናት ዘዴ መግለጫ ይሆናል፤ አማካሪው ያነበዋል፣ ፈታኙም ደግሞ ይሞክረዋል።

ይህ ማለት ግን ትእዛዙ ከስሕተት ነጻ ያወጣል ማለት አይደለም። ኤስኪውላይት ባዶ ሆኖ የገባን ሕዋስ እንደ ባዶ ጽሑፍ ስለሚይዘው፣ አማካይ ሲያሰላ ዜሮ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ መልስ ያልሰጠው ገበሬ ምርት እንዳላገኘ ይታሰባል ማለት ነው። ቁጥሮች በጽሑፍነት ከተነበቡም 9 ከ10 ይበልጣል። በ«ጆይን» ጊዜ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ አምስት ጊዜ ስለሚመጣ፣ የመሬቱ ስፋት ሲደመር አምስት እጥፍ ይሆናል።

በአማርኛ የተሰበሰበ መረጃ የራሱ ፈተናዎች አሉት። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. «2016-02-30» ተብሎ ቢመዘገብ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሌለ ቀን ስለሆነ በዳክዲቢ በቀንነት አይነበብም፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር በመሆኗ ዕጣዋ ይኸው ነው። የከፋው ግን ያለ ተቃውሞ የሚያልፈው ነው፤ መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. «2016-01-05» ሲባል በጃንዋሪ 2016 ተመዝግቦ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። «ሐረር» እና «ሀረር» ለአንባቢ አንድ ከተማ ሲሆኑ ለ«ግሩፕ ባይ» ሁለት ናቸው። መፍትሔው ጥሬውን ፋይል ማረም ሳይሆን፣ የተለያዩትን አጻጻፎች ከአንድ መደበኛ ስም ጋር የሚያዛምድ ትንሽ ፋይል አዘጋጅቶ በ«ጆይን» ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ እርማቱ ራሱ ለምርመራ ክፍት ይሆናል።

አር ወይም ፓይተን የሚያውቅ ተመራማሪ ኤስኪውኤል ለምን ያስፈልገዋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በእነዚህ ቋንቋዎች የተጻፈ ኮድም ተመሳሳይ ጥቅም ስላለው፣ የሚጠቀምባቸው ተማሪ ልማዱን እንዲተው አይጠበቅም። ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ የታሪክ ወይም የጤና ተማሪ ግን ኤስኪውኤል አጭሩ መንገድ ነው። የተመን ሉህም መረጃ ለመመዝገብና በዐይን ለመቃኘት ጠቃሚነቱ አይካድም፤ ጉዳቱ ምዝገባውና ትንተናው በአንድ ፋይል ላይ ሲደራረቡ ነው።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ተገቢ ይሆናል፦ ያልተነካ ጥሬ ፋይል፣ የዓምዶቹን ትርጉምና የቀን አቆጣጠሩን የሚገልጽ ማስታወሻ፣ እንዲሁም እያንዳንዱን ሰንጠረዥ ያስገኘው ትእዛዝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ተማሪው ከትዝታው ሳይሆን ከአባሪው መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።