ስለ ቦውሊንግ ውድድርና ስለማይታየው ዘይት

በአሜሪካ አገር ብዙ ቤተ ሰብ ከልጆቹ ጋራ የሚጫወተው ቦውሊንግ የሚባለው ጨዋታ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ከባድ ኳስ በ60 ጫማ ወለል ላይ አንከባሎ በዳር የቆሙትን 10 ፒኖች መጣል ነውና። ነገር ግን በሰፈሩ አዳራሽ 200 ነጥብ የለመደ ልጅ ከውድድር 140 ይዞ ቢመለስ፥ ወላጆቹ ሰንፈሃል ብለው ይወቅሱታል። እኛ ግን ከፍርድ በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል እንላለን።

ወለሉ እንዳይጎዳ ዘይት ይቀባል። በሰፈር አዳራሽ ዘይቱ በመካከል ይወፍራል፥ በዳርና በዳር ይሳሳል። ስለዚህ ቀኝ እጁ የሆነ ተጫዋች ወደ መካከል ቢስት ኳሱ ተንሸራትቶ መንገዱን ይጠብቃል፤ ወደ ቀኝ ዳር ቢስት ደረቁ ወለል ይመልሰዋል። ዩ ኤስ ኦፕን በሚባለው ታላቅ ውድድር ግን ዘይቱ ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ስለሚቀባ፥ የሳተውን የሚመልስ የለም። ልጁ አልሰነፈም፤ የሰፈሩ ወለል ስሕተቱን ይሸፍንለት ነበር እንጂ።

እንግዲህ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው አስቀድሞ የዘይቱን ርዝመት ይጠይቅ። ዘይቱ እስከ ፒኖቹ አይደርስም፤ ኳሱም አጥብቆ የሚታጠፈው ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው። ወለሉ በ39 የሳንቃ መስመር ስለሚከፈል፥ ከዘይቱ ርዝመት 31 ቢቀነስ የመታጠፊያው መስመር በግምት ይገኛል። ዘይቱ 42 ጫማ ቢሆን፥ ከቀኝ ዳር 11ኛው መስመር ነው። ኳስም በሄደበት ሁሉ ዘይቱን ይጠርጋልና፥ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ግራ ፈቀቅ ማለትን ይልመድ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተረፉትን ፒኖች በሁለተኛው ኳስ መጣል ነው። ለዚህም ወለሉን የማይዝ ልሙጥ የፕላስቲክ ኳስ ይዞ ቀጥ አድርጎ መስደድ ይጠቅማል። 10ሩን ፒን በአንድ ኳስ አንድ ጊዜ እንኳ ያልጣለ ሰው፥ በመጀመሪያው ኳስ ሁልጊዜ 9 ጥሎ የቀረውን 1 ቢደግም፥ በጨዋታው ፍጻሜ 190 ነጥብ ያገኛል። በአስቸጋሪ ወለል ላይ ይህ ትልቅ ክብር ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከልምምድ ሲመለስ ስንት ነጥብ አገኘህ ብቻ አትበሉት፤ ከቀሩት ፒኖች ስንቱን አነሣህ ብላችሁ ጠይቁት። የአዳራሹም ባለቤት አንድ ቀን ዘይቱን እንደ ውድድሩ አድርጎ እንዲቀባለት ለምኑለት። በዚያ ቀን ነጥቡ ቢያንስ አትዘኑ፤ እውነተኛ ችሎታው የሚታወቀው በዚያ ቀን ነውና።