የካርቦን የቢስክሌት ዕቃ ከመለኪያ ቁልፉ ጋር ይሸጥ

ቢስክሌት ከብረት ብቻ ይሠራ በነበረበት ዘመን መካኒኩ ብሎን የሚያጠብቀው በክንዱ ልምድ ነበር። ብረት ታጋሽ ነውና ቢበዛበት ይጎብጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይሰበርም። ዛሬ ከውጭ የሚመጡት ውድ ቢስክሌቶች ግን ቴላዮአቸው፣ መሪያቸውና የኮርቻቸው ዘንግ ከካርቦን፣ ማያዣቸውም ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ ያ ልምድ ብቻውን አይበቃም።

የካርቦን ዕቃ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ከቀለሙ ሥር ይሰነጠቃል፤ ሻጩም ገዢውም ሳያዩት ይቆይና አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይሰበራል። አምራቾች የማጥበቂያውን ልክ በዕቃው ላይ የሚጽፉት ስለዚሁ ነው። የመሪ ማያዣ ብሎን ልኩ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይህም 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ግራም ያህል እንደ ማንጠልጠል ይቆጠራል። የሚጋጠሙት ሁለት ዕቃዎች የተጻፈባቸው ልክ ቢለያይ ትንሹን መከተል ይገባል። ለመኪና ጎማ የሚያገለግለው ትልቅ የመለኪያ ቁልፍ ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም።

የካርቦን ዘንግ ሲንሸራተት መካኒኩ ጨምሮ ለማጥበቅ ይቸኩላል። መድኃኒቱ ግን ደቃቅ አሸዋ መሰል ቅንጣት ያለበት የካርቦን ቅባት ነው፤ በአነስተኛ ኃይል ያስይዘዋልና። ግራሶ ቢቀባ መንሸራተቱ ይብሳል። የአሉሚኒየም ዘንግ በካርቦን ቴላዮ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ላብና የዝናብ ውሃ በመካከላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ እየተበላ ያብጥና ዘንጉ አልወጣም ይላል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ አውጥቶ መጥረግ ያስፈልጋል።

አሉሚኒየምም ቢሆን ዋስ የለውም። በ1998 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2006) በፈረንሳይ አገር በተደረገው የፓሪስ ሩቤ ውድድር አሜሪካዊው ጆርጅ ሂንካፒ የሹካው አንገት፣ ያውም አሉሚኒየም፣ ተሰብሮበት መሪው በእጁ እንደ ቀረ ወድቋል። በዚያው ውድድር ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር።

በበኩላችን አስመጪው የካርቦን ዕቃ ሲያዝ መለኪያ ቁልፉንና ቅባቱን አብሮ እንዲያዝ፣ ቸርቻሪውም ዕቃውን ራሱ ገጥሞ እንዲያስረክብ እናሳስባለን። «ገዢው ለዚህ አይከፍልም» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። እውነት ነው፣ ገዢው ቁልፍ አይገዛም፤ ነገር ግን ለአንድ ሱቅ አንድ ቁልፍ ለብዙ ዓመት ይበቃል፤ ዋጋውም በእጅ ግምት ከተሰነጠቀ አንድ ቴላዮ ጋር አይወዳደርም። ታሪኩ ያልታወቀ ያገለገለ የካርቦን መሪ ግን በምንም ዋጋ ቢገኝ በመደርደሪያ ላይ ባይቀመጥ እንመርጣለን።